ላሜራውን የምትነካው አየር፦ ከተሽከርካሪ ሜሽ ጋር ትውውቅ

ሜሽ ማለት በኮምፒዩተር የሚጠና አካልና በዙሪያው ያለው አየር ተከፋፍለው የሚገኙበት፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ተያይዘው የሚፈጥሩት መረብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ሴል ይባላል። የአየርን ፍሰት የሚገዙት የናቪዬ-ስቶክስ እኩልታዎች እንደ መኪና ላለ ውስብስብ ቅርፅ በወረቀትና በእርሳስ የሚፈቱ ስላልሆኑ፣ ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሴል አንድ ፍጥነት፣ አንድ ግፊትና አንድ ሙቀት ብቻ መድቦ፣ ከአንዱ ሴል ወደ ጎረቤቱ የሚያልፈውን አየርና ሙቀት ደጋግሞ እያመዛዘነ ወደ መልስ ይደርሳል፤ ይህም ሲሙሌሽን ይባላል። ስለ ሲሙሌሽን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሱት እኩልታዎቹ፣ የኮምፒዩተሩ ጉልበትና በመጨረሻ የሚወጣው ባለቀለም ሥዕል ናቸው፤ ሜሹ እንደ ጓዳ ሥራ ተቆጥሮ ስሙ ሳይነሣ ይቀራል። ይሁን እንጂ ከሴሉ ስፋት ያነሰ ነገር ለስሌቱ እንዳልተፈጠረ ስለሚቆጠር፣ ስሌቱ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ የሚወሰነው አንድም እኩልታ ሳይፈታ፣ በሜሹ ዝግጅት ወቅት ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የመኪናው ንድፍ ይመጣል፣ ገጹ ይጸዳል፣ ከዚያም መኪናው ከፊቱ የርዝመቱን ጥቂት እጥፍ፣ ከኋላው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ባዶ ቦታ በተተወለት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳጥኑ በሴሎች ይሞላል፤ ሴሎቹም በመኪናው አጠገብና አየሩ በሚሽከረከርበት በስተኋላው ደቀቅ፣ እየራቁ ሲሄዱ ተለቅ ይላሉ። አንድ ሙሉ መኪና በዚህ መንገድ ሲሸፈን የሴሎቹ ብዛት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን የሚያልፍበትም ጊዜ አለ።

ከእነዚህ እርምጃዎች መካከል ገጹን ማጽዳት የሚባለው ከስሙ የከበደ ነው። ከንድፍ ክፍል የሚመጣው መኪና እጅግ ብዙ ክፍሎች፣ ቡሎኖችና በትክክል ያልገጠሙ ጠርዞች ስላሉት፣ ሶፍትዌሩ ሁሉንም በአንድ ቀጣይ ገጽ እንዲጠቀልላቸው ይደረጋል፤ ነገር ግን ጋቢ የተከናነበ ሰው ጣቶቹ ተለይተው እንደማይታዩ ሁሉ፣ መጠቅለያው ወፍራም ከሆነ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ይጠፋሉ። በራዲያተሩና በዙሪያው ባለው ፕላስቲክ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖርና የመጠቅለያው ልክ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ክፍተቱ ይደፈናል፤ በእውነተኛው መኪና በዚያ ሾልኮ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚያመልጠው አየር በስሌቱ ውስጥ ተገዶ በራዲያተሩ መካከል ስለሚያልፍ፣ ሞተሩ በስሌቱ ከእውነቱ ይበልጥ የቀዘቀዘ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የባሰው የጭስ ማውጫው ቱቦና ከላዩ የተሰቀለው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ተጣብቀው አንድ አካል ሲሆኑ ነው፤ መከላከያው ሥራውን የሚሠራው በመካከላቸው ባለው አየር ጭምር ነውና፣ ያ አየር ሲጠፋ መከላከያ የተባለው ላሜራ ራሱ ሙቀት አሻጋሪ ይሆናል። የተጠቀለለውን ገጽ ከዋናው ንድፍ ጋር ደርቦ ሳይመለከት ወደሚቀጥለው እርምጃ የሚሻገር ባለሙያ ሊወቀስ ይገባዋል፤ በዚህ ደረጃ የገባ ስሕተት በኋላ በሥዕሉ ላይ ምንም ምልክት አያሳይምና።

በዚህ ሙያ እጅግ የተስፋፋው የተሳሳተ አስተሳሰብ ግን ሴል በበዛ ቁጥር መልሱ እየጠራ ይሄዳል የሚለው ነው። የአንድ ሴል ጎን በግማሽ ሲቀነስ የሴሎቹ ብዛት 8 እጥፍ ይሆናል፤ ፍሰቱን በጊዜ ውስጥ እየተከተለ በሚሄድ ስሌት ደግሞ የጊዜው እርምጃም አብሮ በግማሽ ማጠር ስለሚኖርበት ድካሙ 16 እጥፍ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዋጋ ተከፍሎም፣ አዲሶቹ ሴሎች የተጨመሩት ፍጥነቱም ሙቀቱም እምብዛም በማይለዋወጥበት አየር ውስጥ ከሆነ፣ መልሱ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። ታላቁ ለውጥ የሚካሄደው ከላሜራው በላይ ባለችው ስስ የአየር ንብብር ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ጥንቃቄም መዋል ያለበት እዚያ ነው።

ይህችን ንብብር ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በሃይደልበርግ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ፣ አንድን ገጽ የሚነካው አየር ከገጹ ጋር ተጣብቆ እንደሚቆም፣ ፍጥነቱም ከዜሮ ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው በጣም ቀጭን በሆነ ክልል ውስጥ እንደሆነ አስረዳ። ይህ ክልል የወሰን ንብብር ይባላል። በፒስታ መንገድ የሄደ መኪና አስፋልት ላይ ወጥቶ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢበርም ደቃቁ አቧራ ከላሜራው ላይ ተጠርጎ የማይሄደው፣ አቧራው የተቀመጠው አየሩ ቆሟል ለማለት በሚቻልበት በዚህ ንብብር ሥር በመሆኑ ነው።

ርዝመቱ 4.6 ሜትር የሆነ መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ገጹ እንደ ለጥ ያለ ሳንቃ ተቆጥሮ ቢገመት፣ የወሰን ንብብሯ ከፊት ጀምራ እየወፈረች ሄዳ በስተኋላ 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በዚህች ውፍረት ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ከላሜራው በጣም የቀረበው ክፍል ዝልግልግነት፣ ማለትም አየር በአየር ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረው መጓተት፣ ብቻውን የሚገዛው ነው፤ ከእሱ በላይ መሸጋገሪያ ክልል አለ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፍሰቱ ነውጠኛ ሆኖ አማካይ ፍጥነቱ በሎጋሪዝም ሕግ የሚያድግበት ክልል ይገኛል። ባለሙያዎቹ እነዚህን ክልሎች የሚለዩት ዋይ ፕላስ በሚባል ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር ከላሜራው ያለውን ርቀት በአየሩ ዝልግልግነትና በላሜራው ላይ ባለው ፍትጊያ መጠን የሚሰፍር ስለሆነ፣ ፍጥነት ሲለወጥ በሚሊ ሜትር ያልተለወጠው ርቀት በዋይ ፕላስ ይለወጣል። ከ5 በታች የዝልግልግነቱ ክልል፣ ከ5 እስከ 30 መሸጋገሪያው፣ ከ30 እስከ 300 ገደማ የሎጋሪዝሙ ክልል ነው። ከላይ በተጠቀሰው መኪና ላይ ዋይ ፕላስ 1 ማለት ከላሜራው 0.0125 ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ ሲሆን፣ አንድ የሰው ፀጉር እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ዋይ ፕላስ 30 ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ ሜሽ ሠሪው ሁለት መንገድ ቀርቦለታል። አንደኛው የመጀመሪያውን ሴል መካከለኛ ነጥብ ዋይ ፕላስ 1 አካባቢ አስቀምጦ ንብብሯን ከሥሯ ጀምሮ ማስላት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሴል ከ30 በላይ አውጥቶ፣ ከሥሩ ያለውን ክፍል ተመራማሪዎቹ ላውንደርና ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሥራ እንዳስፋፉት ባለ የግድግዳ ቀመር መሙላት ነው። በሁለቱም መንገድ ሴሎቹ በመሶብ ላይ እንደተነባበረ እንጀራ ሰፋፊና ስስ ሆነው ይደረደራሉ፤ ፍጥነቱ ከላሜራው ወደ ላይ በፍጥነት፣ በላሜራው ርዝመት ግን በዝግታ ስለሚለወጥ፣ ውፍረታቸው እንጂ ስፋታቸው ያን ያህል አያሳስብም። እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ በ1.2 እጥፍ እንዲወፍር ቢደረግ፣ ሙሉዋን ንብብር ለመሸፈን በመጀመሪያው መንገድ 35 ያህል፣ በሁለተኛው 16 ያህል እርከን ያስፈልጋል። ሁለቱም መንገዶች በየቦታቸው የተከበሩ ናቸው፤ የማይገባው ሳይመርጡ በመሸጋገሪያው ክልል መቅረት ነው፤ በዚያ ሁለቱም ሕጎች በትክክል አይሠሩም፤ ሁለቱን ያዋሐዱ አዳዲስ ቀመሮችም ጉዳቱን ያለዝቡታል እንጂ አያጠፉትም።

ብዙዎች በዚህ ላይ የሚዘናጉበት ምክንያት መታወቅ አለበት። በመኪና ላይ ያለው የአየር ጎታች ኃይል አብዛኛው ክፍል የሚመጣው በፊትና በኋላ ካለው የግፊት ልዩነት እንጂ ከፍትጊያ ስላልሆነ፣ የወሰን ንብብሩ በግዴለሽነት የተሠራ ሜሽም ለጎታች ኃይሉ ደኅና የሚመስል ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ባለሙያውም ሜሹ እንደተፈተነ ይቆጥራል። ሙቀት ግን እንዲህ ይቅር ባይ አይደለም። ከጋለ ብረት የሚወጣ ሙቀት ወደሚነፍሰው አየር ለመድረስ በመጀመሪያ የዝልግልግነቱን ክልል መሻገር አለበት፤ በዚያ ደግሞ ሽክርክሪት ስለሌለ መሻገሪያው በአየሩ ውስጥ ቀስ ብሎ መተላለፍ ብቻ ሲሆን፣ አየርም ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ነው። በብረቱና በአየሩ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በዚያ ከፀጉር በማይበልጥ ውፍረት ውስጥና በአቅራቢያው ነው። ስለዚህ አንዱና ያው ሜሽ በጎታች ኃይል ፈተና አልፎ በሙቀት ፈተና ሊወድቅ ይችላል።

በዚህ ላይ በኮፈኑ ሥር ያለው ፍጥነት ከውጭው እጅግ ያነሰ መሆኑ ይጨመራል። ውጭ በሰከንድ 33 ሜትር የሚነፍሰው አየር በፊት ግሪሉና በራዲያተሩ ተጣርቶ ሲገባ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ለጣሪያው ዋይ ፕላስ 50 የሰጠ የሴል ውፍረት በሞተሩ ላይ ሲደገም 10 አካባቢ ወርዶ በዚያው በማይፈለገው መሸጋገሪያ ክልል ያርፋል። ለመላው መኪና አንድ የእርከን ውፍረት መስጠት ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ግን በሙቀቱ መልስ ኪሣራ ነው። ሌላው ቸልታ አማካዩን ቁጥር ብቻ ማየት ነው፦ ሶፍትዌሩ በጠባብ ማዕዘኖች እርከኖቹን መደርደር ሲያቅተው ብዙ ሳይናገር ይተዋቸዋል፤ እነዚያ ማዕዘኖች ደግሞ የጭስ ቱቦዎቹ ከሞተሩ የሚገጥሙባቸው፣ ሙቀቱ የከፋባቸው ቦታዎች ናቸው። ከመቶ 95 እጁ የተሸፈነ ገጽ ያማረ ቢመስልም፣ የቀረው 5 እጅ የት እንደሆነ በካርታ ሳይታይ ሊታመን አይገባም።

የቀሩት ክፍሎች በአጭሩ ሊገለጹ ይችላሉ። የራዲያተሩ ክንፎች አንድ በአንድ በሴል ሊሸፈኑ ስለማይችሉ፣ ራዲያተሩ አየር እንደሚያሳልፍ ስፖንጅ ተቆጥሮ በሙከራ የተለካ የግፊት ቅናሽ ይሰጠዋል። ቬንትሌተሩ የራሱ የሚሽከረከር ክልል ይበጅለታል። ጎማው መሬቱን በሚነካበት ስፍራ የሚፈጠረው ሹል ሽብልቅ ሴሎችን ስለሚያጣምም በትንሽ እርከን ይሞላል። ከጋለው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጨረር ከፍፁም ሙቀት አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ቱቦ 300 ዲግሪ ካለው ከ5 እጥፍ በላይ ያበራል፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚተያዩት ገጾች በሜሹ ውስጥ በሚገባ መለየት አለባቸው።

ሜሽን ለመለማመድ የሚሻ ሰው በተለኩ ቅርፆች ቢጀምር ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤስ. አር. አህመድና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት፣ ርዝመቱ 1,044 ሚሊ ሜትር የሆነው የአህመድ አካል ከኋላው ካለው ተዳፋት በቀር ያልተወሳሰበ ነው፤ ሆኖም ተዳፋቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፍሰቱ ከገጹ ሙሉ በሙሉ ስለሚላቀቅ ጎታች ኃይሉ በድንገት ይወድቃል፤ በተዳፋቱ ጠርዝ ላይ ሴሎቹ የገዘፉ ሜሽ ይህን ቅጽበት ይስተዋል። ወደ እውነተኛ መኪና ለመቅረብ ደግሞ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከአውዲና ከቢኤምደብሊው ጋር ያዘጋጀው ድራይቭኤር የተባለው ሞዴል አለ።

በደጋ ለሚነዳ መኪና ቁጥሮቹ እንደገና መሰላት አለባቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር በመጠን ያው ቢሆን እንኳ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ለባሕር ዳርቻ የተሰናዳው የእርከን ውፍረትም እዚህ ያነሰ ዋይ ፕላስ ይሰጣል።

ከሁሉም የሚከብደው መኪናው ዳገት ወጥቶ ከቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነፋሱም ያቆማል፤ በጋለው ብረት የተከማቸው ሙቀት ግን መውጣቱን ስለማይተው፣ በኮፈኑ ሥር ያሉ አንዳንድ የፕላስቲክና የጎማ ክፍሎች ከፍተኛ ሙቀታቸው ላይ የሚደርሱት በጉዞ ላይ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ነው። አየሩ የሚንቀሳቀሰው ትኩሱ ቀሎ ወደ ላይ ሲወጣ በሚፈጠር፣ በሰከንድ ከአንድ ሜትር በታች በሆነ ዝግ ያለ ፍሰት ብቻ ስለሆነ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚደረግ ጉዞ የተሠራው ሜሽ እዚህ ላይ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አናት ላይ፣ ትኩሱ አየር ወደ ኮፈኑ በሚወጣበት መንገድ ሁሉ፣ በጉዞው ሜሽ ተለቅ ብለው የተተዉት ሴሎች እንደገና መድቀቅ ይኖርባቸዋል።