«ሙጫ» እና «ርጉ»፦ ከገዳሪፍ ገበያ ወደ ሃይድሮጄል

በገዳሪፍ ገበያ «ሰምግ» የሚለው የዐረብኛ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሻጭና ገዢ «ሐሻብ» እና «ጠልሃ» ብለው ይለያሉ፤ ሐሻብ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ሐሻብ በአብዛኛው የዛፉ ቅርፊት ተልጦ የሚሰበሰብ ሲሆን፣ ጠልሃ ብዙውን ጊዜ ሳይነኩት ይፈልቃል። ልዩነቱ የነጋዴ ወግ ብቻ አይደለም። በውሃ የሟሟ ሐሻብ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን ወደ ግራ ሲያዞር ጠልሃ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ድንበሩ ታልፎ መተማ ሲደረስ ግን የአማርኛው «ሙጫ» ሁለቱንም፣ የወረቀት ማጣበቂያውንም ጭምር በአንድ ስም ይጠራል።

የስሙ ስፋት የሚያስቸግረው ስለ ሃይድሮጄል በአማርኛ መጻፍ ሲጀመር ነው። ሃይድሮጄል ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቋጥረው እንደ መረብ ብዙ ውሃ የሚይዙበት ቁስ ነው። በውሃው ውስጥ ጨው ካለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲለጠጥ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ የመከላከል አቅሙም ይጨምራል። በጣት ላይ የተለጠፈ ዳሳሽ መታጠፍን የሚያውቀው በዚህ ለውጥ ነው። ችግሩ ተራው ጄል በቀላሉ መቀደዱ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በጃፓን የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት መረብ አጣመሩ፤ አንዱ ግትርና ተሰባሪ፣ ሌላው ልልና ተለጣጭ። ሲሳብ ግትሩ በየቦታው እየተሰበረ ኃይሉን ይውጣል፤ ልሉ ቁሱን አያይዞ ያቆያል። የግራር ሙጫም ዛሬ ከሌሎች ፖሊመሮች ጋር እየተጣመረ በእንዲህ ያሉ ጄሎች ይሞከራል።

ታዲያ ሃይድሮጄልን «ውሃማ ሙጫ» ማለት ያሳስታል። የግራር ሙጫ ውሃ ሲነካው ይሟሟል፣ ይፈስሳል፤ ሃይድሮጄል ግን ያብጣል እንጂ አይሟሟም። አማርኛ ይህን ልዩነት በማጀት ያውቀዋል። የተዘፈዘፈ ተልባ «ዝልግልግ» ነው፤ እርጎ ግን «ርጉ» ነው። ወተት ሲረጋ ውሃው አልወጣም፤ የፕሮቲን መረብ ያዘው እንጂ። «የረጋ ደም» መባሉም ግሡ ለወተት ብቻ እንዳልተወሰነ ያሳያል። ስለዚህ የቁሱ ስም «ሃይድሮጄል» ሆኖ ቢቆይም፣ ሂደቱን «መርጋት»፣ ሰንሰለቶቹን የሚቋጥረውን ንጥረ ነገር «ማርጊያ» ማለት ይቻላል። ቃሉ «የረጋ ሰው» የሚለውን ማስታወሱ ብዙም አይጎዳም።

የጥሬ ዕቃው ስም ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ጠልሃን «የቀይ ግራር ሙጫ» ማለት ያስኬዳል፤ ሐሻብን ግን በዐረብኛ ስሙ መውሰድ ይሻላል፤ «የግራር ሙጫ» ብቻ ቢባል ገበያው የለያቸው ሁለቱ መልሰው ይቀላቀላሉና።