ሰነፍ አይደለም፤ ፊደሉ አምልጦት ነው

ማንበብ ያቃተው ልጅ ከሁሉ በፊት ብልጥ ነው። የማንበብ ተራው ሊደርስ ሲል እርሳሱ ይሰበራል፤ መቅረጫ ፍለጋ ይነሳል። ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። ያም ካልሆነ ከጎኑ ያለችው ልጅ ያነበበችውን አንዴ ሰምቶ በቃሉ ይወጣዋል፤ ጣቱ መስመሩን ይከተላል፣ ዓይኑ ግን ሥዕሉ ላይ ነው። ነገሩ የሚገለጠው ከገጹ መሀል አንዲት ቃል ብቻ መርጬ ሳሳየው ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ንባብ ያስጠናኋቸው ልጆች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ጭንቅላት አላነሳቸውም፤ ያላቸውን ሁሉ ለመደበቂያ እያዋሉት ነው።

ድሮ የመጀመሪያ ሳይክል መምህር ነበርኩ። አሁን ቤቴ ሰበታ፣ ዓለም ገና ነው፤ ከዚያ እየተነሳሁ በጅማ መንገድ፣ በአምቦ መንገድና በጎጃም መንገድ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። የወላጅ አቤቱታ በሦስቱም ከተማ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ለጨዋታ ማን ብሎት! ደብተር ሲያይ ነው እንቅልፉ የሚመጣው። ሰነፍ ሆነብኝ።» ልጁ በር ሥር ቆሞ ይሰማል። እኔም ለእናትየው የምመልሰው አንድ ነው፦ «ሰነፍነቱን ትተን መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እንፈልግ።»

ችግሩ የአንድ ቤት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የተፈተኑት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በሚማሩበት በራሳቸው ቋንቋ ነበር። ከዚያ በኋላ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሃዲይኛ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል። ቢሆንም መንገዱ ገና ረዥም ነው።

መምህሩን ከመውቀስ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። በአገሪቱ መስፈርት መሠረት እንኳ በአንድ ክፍል 50 ልጆች ይቀመጣሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህሯ ሌላውን ሁሉ ትታ እያንዳንዱን ልጅ ብታስነብብ ለአንዱ የሚደርሰው 48 ሰከንድ ነው። በዚህ ላይ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ ሲተላለፉ ቆይተዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ ክፍል በመድገም ቅስሙ እንዳይሰበር ነው። ነገር ግን ያልለየውን ፊደል ይዞ የሚያልፍ ልጅ 4ኛ ክፍል ሲገባ መጻሕፍቱ ጠባያቸውን ይለውጡበታል። እስከዚያ ማንበብን ይማር ነበር፤ ከዚያ በኋላ እያነበበ መማር ሊኖርበት ነው። ሒሳቡም «ከበደ 12 ብርቱካን ገዝቶ…» እያለ በዓረፍተ ነገር ይመጣል። መደመር የሚያውቅ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ ስላቃተው ብቻ ሒሳብም ይወድቃል።

በአንድ ቦርሳ ሦስት ዓይነት ንባብ

የእኛ ከተሞች የራሳቸው ጣጣም አላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ኑሯቸው ግን ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ ነው። የቤት ኪራይ የገፋው ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ አሸዋ ሜዳ ወይም ወደ ፉሪ ይወጣል፤ ልጁም በዓመቱ መሀል ትምህርት ቤት ይቀይራል። በዚህ ላይ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። ስለዚህ አንዱ ልጅ አማርኛን በግእዝ ፊደል፣ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በዚያው በላቲን ፊደል፣ ግን በሌላ ድምፅ ማንበብ ይጠበቅበታል። ይህ ሀብት ነው። ሦስቱንም በሥርዓት ያስተማረው ሰው ከሌለ ግን መደናገሪያ ይሆናል።

አንድ የሱሉልታ ልጅ በእንግሊዝኛ ድመት የሚለውን አጭር ቃል ክፍል ውስጥ «ጫት» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ድምፁን አጠፋ፤ እናቱ ወደ እኔ ስታመጣው በየትኛውም ቋንቋ አላነብም ይል ነበር። እስቲ ስህተቱን እንመርምረው። በእንግሊዝኛ «ሲ» የምንላት ፊደል በቁቤ የምታሰማው ‹ጨ›ን ነው። «ኤክስ» የምንላት ‹ጠ› ናት፤ «ኪው» ደግሞ ‹ቀ›። ልጁ በቁቤ ሕግ አንድም ስህተት አልሠራም። ሕጉን በሌላ ቋንቋ ላይ ሠራበት እንጂ። ይህንን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳየው ረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ባርሲስቱ (መምህርት)፣ እንግዲያው እኔ ልክ ነበርኩ?» አለኝ። «በቁቤ ልክ ነበርክ። አሁን የእንግሊዝኛውን ሕግ እንጨምርበት» አልኩት። ያን ዕለት ከማንኛውም ምስጋና የበለጠ ያነቃቃው ይህ ነው።

የአንዲት የቡራዩ ልጅ ጉዳይ የዚህ ግልባጭ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ፊደል ቆጥራ ነው የመጣችው። የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው በጽሑፍ አይለይም፤ «አለ» የሚለውን አጥብቀን ወይም አላልተን የምናነበው በዓረፍተ ነገሩ ነው። ቁቤ ግን ሁሉንም ይጽፋል፤ የጠበቀ ድምፅ ሲሆን ተነባቢው፣ የረዘመ ሲሆን አናባቢው ይደገማል። በአፋን ኦሮሞ መሬት የሚለውና ለስላሳ የሚለው ቃል የሚለያዩት አናባቢያቸው አንዴ ወይም ሁለቴ በመጻፉ ብቻ ነው። ልጅቷ የተደጋገመውን ፊደል እንደ ትርፍ ቆጥራ ትዘለዋለች፤ ምንባቡም ትርጉም ያጣባታል። እርሷን ፊደል ከ«ሀ» ጀምሮ ማስቆጠር ጊዜ ማባከን ነበር። የሚያስፈልጋት ድምፅን በጆሮ መለየት ስለነበር፣ በሚጠብቅ ቦታ እያጨበጨብን አነበብን።

የቆመበትን ቦታ ማግኘት

ልጁ የቆመበትን ቦታ የማግኘት ጥበብ የኔታዎች ያውቁታል። ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን እንደ ዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳይለይ ሊቀር ስለሚችል «አ ቡ ጊ ዳ» ብለው ቅደም ተከተሉን ያፋልሱበታል። ዜማው ሲቋረጥ በዓይኑ የለየውና በአፉ ብቻ የያዘው ይታወቃል። እኔም የምጀምረው በዚያው ነው፤ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቤ በጀርባቸው ፊደል እጽፍና ጠረጴዛ ላይ እበትናለሁ። ካዕብና ሣልስ፣ ራብዕና ኃምስ ምልክታቸው በአብዛኛው መልክ ስላለው ብዙ አያስቸግሩም። ልጆችን የሚያሰናክሉት ሳድስና ሳብዕ ናቸው፤ መልካቸው ከፊደል ፊደል ይለያያል። ነ እና ኀ፣ ደ እና ጀ፣ ተ እና ቸም እንዲሁ ይቀላቀላሉ። የተቀላቀሉትን ቆርኪዎች ለይቼ በእነዚያ ብቻ እንጫወታለን፤ 231ዱን ሁሉ እንደገና ማስቆጠር ልጁን ማሰልቸት ነው።

ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ተመሳሳይ መንገድ በሰፊው ሠርቶበታል። ልጁን ፊደል፣ ቃል፣ አጭር አንቀጽ፣ ታሪክ እያሉ በጥቂት ደቂቃ ይፈትኑታል። ከዚያ በቀን ለተወሰነ ሰዓት በክፍሉ ሳይሆን በደረሰበት የንባብ ደረጃ ከመሰሎቹ ጋር ያስቀምጡታል። ይህንን ሥራ በጥናት ከፈተሹት መካከል በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይገኙበታል። ዘዴው ለእኛም አይከብድም፤ አንድ ወረቀትና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ከፊደሉ ውጭ ነው። ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ፣ ከኋላ ተቀምጦ የመምህሯን ድምፅ በግማሽ የሚሰማ ልጅ አለ። ስለዚህ ወላጅን መጀመሪያ የምለምነው ዓይኑንና ጆሮውን እንዲያስመረምሩ ነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል ያለባቸው ልጆችም አሉ። እነርሱም ብሩህ ልጆች ናቸው፤ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘቱ ግን ይከብዳቸዋል፤ ትምህርቱ በዝግታና በብዙ ድግግሞሽ ሲሰጣቸው ግን ይማራሉ። እኛ ሰበታዎች ደግሞ ይህንን ለመቀበል ሩቅ መሄድ የለብንም። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በብሬል ልጆችን በጣታቸው ሲያስነብብ የኖረው እዚሁ ከተማችን ነው፤ የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም እዚሁ ነው።

ድፍረት ከየት ይመጣል?

«ጎበዝ» የሚለው ምስጋና በብዛት ሲሰጥ ይረክሳል። ልጁ እንዳላነበበ ያውቃል፤ ስላላነበበው ነገር ሲመሰገን ደግሞ የሚያመሰግነውን ሰው ማመን ይተዋል። ድፍረት የሚመጣው በእውነት ካነበበው ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምሰጠው ምንባብ ከአሥር ቃል ዘጠኙን የሚያውቀው ነው፤ መጽሐፉ ከክፍሉ በታች ቢሆንም ሽፋኑን በጋዜጣ እለብጠዋለሁ። ያንኑ ምንባብ ደጋግመን እናነባለን። በስልኬ ሰዓት ይዤ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አወዳድራለሁ፤ ከሌላ ልጅ ጋር ግን ፈጽሞ። ሲሳሳት ቶሎ አላርመውም፤ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ሲጣመምበት ራሱ ይመለሳል፤ በራሱ ያረመው ስህተት ደግሞ እኔ ካረምኩለት አሥር ይበልጣል።

ክፍል ውስጥ ያለውን ፍርሃት ለማስወገድ ከመምህሯ ጋር እንመካከራለን። ነገ የትኛውን አንቀጽ እንደምታስነብበው ዛሬ ትነግረኛለች፤ ማታ እንለማመደዋለን። ልጁ በማግስቱ ሲጠራ የሚያነበው የሚያውቀውን ነው። ይህ ማጭበርበር የሚመስላቸው አሉ። ዜና አንባቢም ቢሆን ካሜራው ፊት ከመቀመጡ በፊት ጽሑፉን ይለማመዳል።

ከዚያ የሚቀጥለው ታናናሾቹን ማስነበብ ነው። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው የቀደመ ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ የኔታ ብቻቸውን ሁሉንም አይዘልቁትም። በቤትም እንዲሁ ነው። 5ኛ ክፍል ሆኖ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ማንበብ የሚያሳፍረው ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ለታናሽ እህቱ ሲያነብ ደረቱን ነፍቶ ነው።

ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች «እኔ ምን ልርዳው?» ይሉኛል። የምታውቁት ነገር ይበቃል እላቸዋለሁ። ሱሉልታ ውስጥ ወተት እያስረከበች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ማታ ላሟን አልባ ስትመለስ ልጇን እያስነበበች «በል እስቲ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ትለዋለች። ልጁ ሳያነብ ሊያልፈው የሞከረውን ክፍል በዚህች ጥያቄ ትደርስበታለች፤ ምክንያቱም ታሪኩ ይጎድልባታል። ወደ ገበያ ሲሄዱም የሱቆቹን ጽሑፍ በቁቤም በግእዝ ፊደልም እንዲያነብላት ታደርጋለች። ክፍያ የሌለው አስጠኚ ማለት ይህ ነው።

ይህንን ያነበባችሁ ወላጆች ዛሬ ማታ የልጃችሁን መጽሐፍ ከመሀል ግለጡና ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑ። አንድ አንቀጽ ያንብብላችሁ። ካነበበ ምን እንደተባለ ጠይቁት። ካቃተው አትቆጡ፤ አንድ ክፍል ዝቅ ያለ መጽሐፍ ስጡት፤ እዚያም ካቃተው ሌላ ክፍል ዝቅ በሉ። ሳይፈራ ያነበበበትን ቦታ ስታገኙ በደብተሩ ላይ ምልክት አድርጉና በሳምንቱ ወደ መምህሩ ይዛችሁት ሂዱ። «ልጄ ሰነፍ ነው» ሳይሆን «ልጄ እዚህ ድረስ ያነባል» ብላችሁ ጀምሩ። መምህሩም ከየት መነሣት እንዳለበት ያውቃል።