የልብስ መጽሔት ዕድገትና ክብር

ልብስ ገላን ከመሸፈን አልፎ የሰውን ማዕርግና ጠባይ፣ የአገርንም ሥልጣኔ የሚያስታውቅ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ልብስ የሚጽፍ መጽሔት ግን ብዙ ጊዜ እንደ ከንቱ ጌጥ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ቮግ የተባለው የሴቶች የልብስ መጽሔት ያደገበትን መንገድ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ፍርድ የተቻኰለ መሆኑን ይረዳዋል።

ይህ መጽሔት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1892 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ አርተር ተርኒዩር በተባለ ሰው ተመሠረተ። በየሳምንቱ እየታተመ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የሚናገረውም ስለ ከተማይቱ ባለጠጎች ኑሮ ስለ ነበረ አንባቢዎቹ ጥቂቶች ነበሩ። በ1909 ኮንዴ ናስት የተባለ የኅትመት ነጋዴ ገዛው። የናስትም ሐሳብ አንባቢን እንዲያው በቍጥር ማብዛት ሳይሆን፣ ለመግዛት ዐቅም ያላቸውን ለይቶ መሰብሰብ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ነጋዴዎች ለማስታወቂያቸው ብዙ ዋጋ ለመክፈል አይሳሱምና። በ1895 በፖስታ ላይ አድራሻ ለመጻፍ የተቀጠረችው ኤድና ዉልማን ቼዝም በትጋቷ ከፍ ከፍ እያለች በ1914 ዋና አዘጋጅ ሆነች፤ በዚሁም ሥራ እስከ 1952 ጸናች።

በዚያው በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። የባሕሩ መንገድ በመታወኩም መጽሔቱን በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር መላክ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ በ1916 የእንግሊዙ ቮግ በለንደን መታተም ጀመረ፤ በ1920 ደግሞ የፈረንሳዩ ተከተለ። መሰናክል የመሰለው ነገር የዕድገት በር ሆነ ማለት ነው። ለየአገሩ በየራሱ አዘጋጅ መታተምም የመጽሔቱ ልማድ ሆኖ፣ ዛሬ ከ20 በሚበልጡ አገሮች ይወጣል።

ነገር ግን የመጽሔቱ ክብር ከሁሉ ይልቅ የታየው ዕድገቱ በተገታበት ጊዜ ነው። በ1940 የጀርመን ሠራዊት ፓሪስን በያዘ ጊዜ የፈረንሳዩ ቮግ አዘጋጅ ሚሼል ደ ብሩኖፍ በጠላት ፈቃድ ከመሥራት ይልቅ ሥራውን መዝጋት መረጠ። መጽሔቱም አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በጥር ወር 1945፣ እንደገና ታተመ። በለንደን ግን አዘጋጇ ኦድሪ ዊዘርስ የአየር ድብደባውንና የወረቀቱን እጥረት ታግሣ ሥራዋን ቀጠለች። ሊ ሚለር የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺም ጦሩን ተከትላ ሄደች፤ በቡኸንቫልድና በዳኻው የእስር ሰፈሮች የተፈጸመውን ግፍ በ1945 ለመጽሔቱ አንባቢዎች አሳየች። ያማረ ቀሚስ ለማየት መጽሔቱን የገለጠች ሴት የሙታንን ሬሳ አየች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋዜጣና የመጽሔት ሥራ የሚመዘነው በቅጂው ብዛትና በገቢው ብቻ አይደለም። መናገር ባርነት በሚሆንበት ጊዜ ዝም ያለ፣ ዝምታም ግፍን መሸፈን በሚሆንበት ጊዜ የተናገረ፣ የሚጽፈው ስለ ልብስ ብቻ ቢሆን እንኳ በአንባቢው ዘንድ መታመኑ አይቀርም።