የታመመ የጓሮ ቡና ሲቆረጥ ግንዱና ቅርንጫፉ ወዴት ይሂድ?

በጓሮ የቆመ የቡና ዛፍ በአንድ ወገኑ ብቻ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ተጠቅልሎና ጠውልጎ መርገፍ ሲጀምር ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የውሃ እጥረትን ነው። ሆኖም የግንዱ ቅርፊት በቢላ ሲፋቅ ከሥሩ ያለው እንጨት ወደ ሰማያዊ ጥቁር ያደላ መልክ ካሳየ፣ ዛፉን የያዘው የግንድ አድርቅ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የበሽታው መንስኤ የሆነው ፈንገስ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣበትን መስመር ይዘጋል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ የተያዘው ዛፍ ዘግይቶም ቢሆን ይሞታል። ስለዚህ አሳሳቢው ጥያቄ ጎረቤቱ ያለውን ዛፍ እንዴት ማትረፍ ይቻላል የሚለው ነው።

በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.አ.አ በ1927 በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ነበር። በኢትዮጵያ የሚያጠቃው አረቢካ ቡናን ሲሆን፣ በኡጋንዳና በዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ደግሞ ሮቡስታን ነው። እ.አ.አ በ1993 በምዕራብ ኡጋንዳ ቡንዲቡግዮ ከታየ በኋላ ባሉት ዓመታት ከአገሪቱ የሮቡስታ ዛፎች ወደ ግማሽ የሚጠጋውን አጥፍቷል።

ለስርጭቱ ካገዙት ነገሮች አንዱ ማገዶ ነው። የደረቀ የቡና ግንድ ጥሩ እሳት ይሰጣል፤ ዛፉን ያጣ ቤተሰብ ቢያንስ እንጨቱን ልጠቀምበት ማለቱም አያስወቅስም። ነገር ግን ፈንገሱ በሞተው ግንድ ቅርፊት ላይ ዘሩን ያፈራል። ግንዱ በጤነኞቹ ዛፎች መካከል ሲጎተት፣ ከአጥር ሥር ሲከመር ወይም ወደ ሌላ መንደር ለሽያጭ ሲጫን በሽታው አብሮ ይጓዛል።

በዚህም ምክንያት የታመመው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ሳይጎተት፣ እዚያው በቆመበት ስፍራ እንዲቃጠል ይመከራል። ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጦ ግንዱን መተው ፋይዳ የለውም፤ በሽታው ያለው በግንዱ ውስጥ ነውና። እሳቱ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከሣር ቤትና ከደረቅ አጥር ርቆ መነደድ አለበት፤ ሰውም እስኪጠፋ ድረስ ሊጠብቀው ይገባል። ዛፉ ለቤት የቀረበ ከሆነ እንጨቱን በማዳበሪያ ከረጢት አሽጎ፣ ቡና ወደሌለበት ገላጣ ቦታ ወስዶ ማቃጠል ይሻላል።

ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መጨመርስ? አይመከርም። በጓሮ የሚዘጋጅ ብስባሽ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አምጪዎችን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም፤ ወፍራም ግንድ ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም።

ብዙዎች የሚዘነጉት መሣሪያውን ነው። ፈንገሱ ወደ ዛፉ የሚገባው በቁስል በኩል ስለሆነ፣ የታመመ ዛፍ የቆረጠ ገጀራ ወይም መጋዝ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለቱን አፈሩን ጠርጎ በእሳት ነበልባል ማሳለፍ ወይም በአልኮል መጥረግ ይበቃል። በረኪናም ያገለግላል፤ ብረት ስለሚበላ ግን በኋላ በውሃ መታጠብ አለበት። በአረም ጊዜም በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር በገጀራ ከመምታት በእጅ መንቀል ይመረጣል።

በባዶው ቦታ ወዲያው ቡና መትከል አዲሱን ችግኝ ለአደጋ ያጋልጣል። ምክሮቹ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት መጠበቅን ያዛሉ፤ እስከዚያው ቦታው ለባቄላ ወይም ለጎመን ሊውል ይችላል።