የአከርካሪ ብግነትና የቤታችን ማዕድ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤት ተደብቆ ስለሚኖር ሕመም ነው። አንድ ወጣት ለሱብሒ ሲቀሰቀስ ወገቡ እንደ እንጨት ደርቆ ቶሎ መነሳት ያቅተዋል። ቤተሰቡ ሰነፍ ነው ይለዋል። ጎረቤት ብርድ መቶት ነው ይላል። እሱም አፍሮ ዝም ይላል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሐኪም ዘንድ ደርሶ የበሽታው ስም ሲነገረው ደግሞ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ምን ይብላ? ምንስ ይተው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በመንደር ወሬ ብቻ ከተሰጠ በሽተኛውን ሊጎዳ ይችላል።

በሽታው ምንድን ነው?

በሕክምናው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል። እኛ የአከርካሪ ብግነት እንበለው። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአከርካሪው ታችኛ ጫፍ ከዳሌ አጥንት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ሲሆን ከዚያ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ብግነቱ ለዓመታት ሲቆይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል አዲስ አጥንት እያደገ ሊያጣብቃቸው ይችላል። ያን ጊዜ አንገት ማዞርና ማጎንበስ ይከብዳል።

በአብዛኛው የሚጀምረው ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። በወንዶች ላይ በብዛት ቢታወቅም ሴቶችንም ይይዛል፤ እንዲያውም በእነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች በሽታው ኤችኤልኤ-ቢ27 ከሚባል በዘር ከሚወረስ ምልክት ጋር ጥብቅ ግንኙነት እንዳለው አሳወቁ። ሆኖም ምልክቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሽታው አይዛቸውም። ስለዚህ ማንም እናት «ይህን አብልቼው ነው ልጄን ያሳመምኩት» ብላ ራሷን መውቀስ አይገባትም።

ከተራ የወገብ ሕመም የሚለይበትም መንገድ አለ። ሸክም ያመጣው ሕመም ሲያርፉ ይሻላል። ይህኛው ግን በእረፍት ይብሳል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ድርቀቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል። እንዲህ ያለ ሕመም ከሦስት ወር ካለፈ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ዓይን ቀልቶ ሕመም ካለውና ብርሃን ማየት ካስቸገረ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መታከም ይገባል፤ ብግነቱ ዓይንንም ስለሚነካ ነው።

ምግብ ያድናል ወይ?

ግልጹን እንናገር። ይህን በሽታ ነቅሎ የሚያወጣ ምግብ የለም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ኅብረት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ምክሩ፣ አንድ የተወሰነ ምግብ በመመገብ የመገጣጠሚያ በሽታ ላይ ትልቅ ለውጥ ይመጣል ተብሎ እንደማይጠበቅ፣ ጤናማና የተመጣጠነ አመጋገብና ተገቢ ክብደት ግን አስፈላጊ እንደሆኑ አስቀምጧል። የሕክምናው ምሰሶዎች የአካል እንቅስቃሴና ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ናቸው። ማዕዳችን የእነዚህ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ረዳት ነው ስንል ግን አሳንሰን አይደለም። ቲርሚዚ ከሚቅዳም ኢብኑ መዕዲ ከሪብ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲሥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰው ልጅ ጀርባውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ ከዚያ ካለፈም ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንዲያደርግ አስተምረዋል። ሐዲሡ ስለዚህ በሽታ የተነገረ ነው አንልም። የምግብ ዓላማ አካልን ማቆም እንጂ ሆድን መሙላት እንዳልሆነ ግን ያስተምረናል። ለዚህ በሽተኛ ምግብ የሚያግዘው በአራት ነገር ነው።

አንደኛው ክብደት ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት መገጣጠሚያን ይጫናል፣ ብግነትን ያባብሳል፣ የአንዳንድ መድኃኒቶችንም ውጤት ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሕመሙ የበረታበት ሰው የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ሊከሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ይህን ተው፣ ያንን ተው» ማለት ጉዳት ነው። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ወተትና ሥጋ ጡንቻውን ይጠብቁለታል።

ሁለተኛው አጥንት ነው። በሽታው አከርካሪውን ሲያጣብቅ ጠንካራ ያደረገው ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሊሳሳና በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ካልሲየም ያስፈልጋል። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ በቤታችን ያሉ ምንጮች ናቸው። ከነአጥንቱ የሚበላ የቆርቆሮ ሳርዲንም ጥሩ ነው። ካልሲየም እንዲሠራ ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በዋናነት የሚገኘው ከፀሐይ ነው። እህቶቻችን ባዕድ ሰው በማያይበት ግቢ ክንዳቸውን ለፀሐይ ቢሰጡ መልካም ነው። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ በብዛት መውሰድ አይገባም።

ሦስተኛው ልብ ነው። የቆየ ብግነት የልብና የደም ሥር በሽታን ያጋልጣል። ጨው፣ ስኳርና በዘይት የተዘፈቀ ምግብ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ዓሣ ማግኘት የሚችል ቢበላ፣ የማይችል ደግሞ ተልባ ቢጠቀም ኦሜጋ 3 የሚባለውን ጠቃሚ ቅባት ያገኛል፤ የዓሣው ግን ለሰውነት ይበልጥ የተዘጋጀ ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳርም ይቆጠር። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረበት አሥራ አምስት ማንኪያ መሆኑን አንዘንጋ።

አራተኛው ጨጓራ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲንን የመሰሉ ብግነት ማብረጃዎች ለዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ናቸው። ነገር ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ የደም ግፊትን ሊያስነሱ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከምግብ በኋላና በቂ ውኃ እየጠጡ ይወሰዳሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትውከት ደም ካለበት ፈጥኖ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

እንጀራ ይተው ወይ?

ይህ ጥያቄ መነሻ አለው። ለንደን በሚገኘው ኪንግስ ኮሌጅ ያስተማሩት ፕሮፌሰር አለን ኢብሪንገር፣ አንጀት ውስጥ የሚኖር ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ በሽታውን እንደሚያነሳሳ፣ ባክቴሪያውም ስታርች ከበዛበት ምግብ እንደሚጠቀም በማሰብ ስታርች የመቀነስ አመጋገብን አስፋፍተዋል። ሐሳቡ ግን በሰፊ ጥናት አልተረጋገጠም፤ የሕክምናው መመሪያም አላደረገውም። እንጀራን፣ ዳቦን፣ ድንችንና ሩዝን ሁሉ ያገደ ሰው በምን ይጠግባል? በተለይ አቅመ ደካማ ቤተሰብ በእንጀራ ምትክ ሥጋ ገዝቶ አይዘልቅም። የጤፍ እንጀራ አሰርም ብረትም አለው። ከነጭ ዱቄት ዳቦ ይልቅ እሱን መምረጥ፣ ከወጡ ውስጥ አትክልቱንና ጥራጥሬውን ማብዛት በቂ ነው።

አንድ ምግብ ሕመሜን ይቀሰቅሳል የሚል ሰው ካለ በደብተር ይመዝግብ። ያንን አንድ ምግብ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ትቶ መልሶ ይሞክረው። ልዩነት ካላየ ይመለስበት። ተቅማጥ የሚበረታበት ወይም ከሰገራው ጋር ደም የሚያይ ግን ምግብ እየቀያየረ አይቆይ። የአንጀት ብግነት ከዚህ በሽታ ጋር ሊመጣ ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር።

ጥቁር አዝሙድና ማር

ውድ አድማጮች፣ ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ እንየው። ስለ ጥቁር አዝሙድ መድኃኒትነት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ትክክለኛ ነው፤ እናምንበታለን። ስለ አረዳዱ ግን ዑለማዎች ተናግረዋል። ኢማም አል-ኸጧቢ የሐዲሡ አነጋገር ጥቅል ቢሆንም የተፈለገው የተወሰኑ በሽታዎች እንደሆኑ አብራርተዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ታከሙ ብለው ያዘዙ መሆናቸውንም አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ስለዚህ ጥቁር አዝሙድን በልክ የሚበላ ሰው ሱናውን ወዶ ይብላ። መድኃኒቱን ጥሎ በእሱ ብቻ የሚቀመጥ ግን አከርካሪው እየተጣበቀ ጊዜው ያልፍበታል። ማርም የአላህ ጸጋ ነው፤ ስኳርነቱ ግን ስኳር በሽታ ላለበት መዘንጋት የለበትም። እርድ በወጥ ውስጥ መልካም ነው፤ በብዛት በክኒን መልክ የሚወስድ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚጠቀም፣ ሐኪሙን ያማክር።

ያልፈላ ወተት

በአርብቶ አደሩም በከተማውም ያልፈላ የላም፣ የፍየልና የግመል ወተት የሚጠጡ ብዙ ናቸው። ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ይህ በሽታ ደግሞ ያንኑ የዳሌና የአከርካሪ መገጣጠሚያ ስለሚያስቆጣ ከአከርካሪ ብግነት ጋር ይመሳሰላል። የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ ወገብ ያሳምማል። ሕክምናቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ፣ ያልፈላ ወተት የሚጠጣም ከሆነ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። የመከላከያ ኃይልን የሚቀንሱት አዳዲሶቹ መርፌዎች ከመጀመራቸው በፊትም ቲቢ ይመረመራል። መርፌውን የሚወስድ ሰው ወተቱን አፍልቶ፣ ሥጋውን በሚገባ አብስሎ ይመገብ።

ጫትና ሲጋራ

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ለሰዓታት በአንድ ቦታም ያስቀምጣል። ወገቡ በመቀመጥ ለሚደርቅ ሰው ይህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሲጋራ ደግሞ የአከርካሪውን ጉዳት እንደሚያባብስ በጥናት የታየ ነው። ለዚህ በሽተኛ ሲጋራ ማቆም ከየትኛውም ምግብ ምርጫ ይቀድማል።

በረመዷን

በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ) ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌሎች ቀናት እንዲያወጣ ፈቅዷል። ሕመሙ ቀላል የሆነ፣ ሐኪሙም የፈቀደለት ይጾማል፤ መድኃኒቱን ከማፍጠሪያና ከሱሑር ምግብ በኋላ ስለሚወስድበት ሁኔታ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቀን የጠማው ኩላሊት በብግነት ማብረጃ ይበልጥ ስለሚጎዳ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ውኃ በደንብ ይጠጣ። በቴምርና በሾርባ ጀምሮ ሳምቡሳውን ያሳንስ። ምግብ ያልሆነ የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያበላሽ የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ወስኗል። ጾሙ የሚጎዳው ሰው ይብላ፤ ቀዷ ያውጣ። የመዳን ተስፋ በሌለው ሕመም ምክንያት ፈጽሞ መጾም የማይችል ለየቀኑ አንድ ምስኪን ያብላ። ሰውነቱን የሚጎዳ ጾም አላህ አልጠየቀውም።

ለቤተሰብ

ለበሽተኛው ለብቻው ድስት መጣድ አያስፈልግም። የተነገረው ማዕድ ለአባትም ለእናትም ለልጆችም የሚስማማ ነው። ጨውና ዘይቱ ለሁሉም ይቀነስ፤ ጎመንና ምስሩ ለሁሉም ይቅረብ። አብሮ የሚበላ በሽተኛ ሸክም እንደሆነ አይሰማውም። ለሱብሒ ሲዘገይ ስንፍና ነው አትበሉት። ቆሞ መስገድ ካቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ ሸሪዓው ፈቅዶለታል። ሲነሳ እጁን ያዙለት፤ ጥቂት እንዲራመድ አበረታቱት። ለመንደር መድኃኒት የምታወጡትን ገንዘብ ለሐኪም ቀጠሮውና ለመድኃኒቱ አውሉት። እስካሁን ምርመራ ያላደረገ ወጣት በቤታችሁ ካለ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ይማርልን። ለሚያስታምሙትም አጅሩን ያብዛላቸው። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።