ስለ አሠሪና ስለ ሠራተኛ አስማሚ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ደራ ከምትባለው ቆላማ ከተማ ይደርሳል። የዶዶታ ወረዳ መስተዳድር መቀመጫው በዚህች ከተማ ነው። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው እንደ ደራ ባሉ የወረዳ ከተሞች ተቀምጦ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ስለሚቆመው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መጠሪያው ከፍተኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ይባላል፤ ስሙ ረዥም ሲሆን ሥልጣኑ አጭር ነው፤ ማስማማት እንጂ ማዘዝ አልተሰጠውምና።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ሆናለች። የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር በወንጂ የተከለው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ ከየአውራጃው የመጣ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ገብቶ በአንድ ሰዓት መውጣትን፥ በደመወዝ ብቻ መተዳደርንም ተማረ። በርስቱና በጎረቤቱ መካከል የኖረ ገበሬ ጠብ ሲነሣበት ሽማግሌ አያጣም ነበር፤ በፋብሪካ ግን አሠሪው የሌላ አገር ሰው፥ ሠራተኛውም ለቦታው እንግዳ ሲሆን ሽማግሌው ከወዴት ይምጣ? በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 210 ደግሞ የማስማማትን ሥራ በሕግ አቆመው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 ነው።

በዚህ አዋጅ መሠረት ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። የብዙ ሠራተኞችን የጋራ ጥቅም የሚነካው የወል ክርክር ሲሆን፥ ለዚህ አስማሚ ይመደባል፤ አስፈላጊ በሆነ ጊዜም አስማሚው እስከ ወረዳ ድረስ ሊመደብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ማስማማት ካልቻለ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጽፎ ያስታውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ወሳኙ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። የአንድ ሰው መሰናበትን የመሰለው የግል ክርክር ግን የፍርድ ቤት ነው።

ሕጉ ይህን ቢለይም፥ የተሰናበተ ሰው አስቀድሞ የሚመጣው ወደ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ወደ ወረዳው ቢሮ ነው። ጠበቃ የለው፥ የመንገድ ገንዘብ የለው፥ ሕጉንም አላነበበም። የባለሙያው ከባድ ኃላፊነት ከዚህ ላይ ይጀምራል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። እንግዲህ አቤት ባዩን «እስቲ ከሥራ አስኪያጁ ጋራ ልነጋገርልህ፥ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» እያሉ ማመላለስ የደግነት ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን 3ቱ ወር በምልልስ ካለፈ፥ ዳኛው በይርጋ ምክንያት ክሱን ሳይሰማው ይመልሰዋል። ሰውዬውን ያሰናበተው አሠሪው ነው፤ መብቱን ያሳጣው ግን የቢሮው ደግነት ሆነ ማለት ነው።

ሕጉ ለዚህ መድኃኒት አለው። አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው መሥሪያ ቤት አቤቱታ የቀረበ እንደ ሆነ፥ በጽሑፍ መልስ እስኪሰጥ ድረስ የይርጋው ቍጥር ይቋረጣል። ስለዚህ በቃል የተነገረውን አቤቱታ በዚያው ቀን በመዝገብ መጻፍ፥ ቀኑንና ማኅተሙን አድርጎ ግልባጩን ለባለጉዳዩ መስጠት፥ መልሱንም በጽሑፍ ማድረግ፥ ሰውዬው እንጀራውን ለማስመለስ የሚይዘው ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። አቤት ባዩ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚያውቅ እንደ ሆነ የተጻፈውን በቋንቋው አንብቦለት ማስፈረም ይገባል፤ ያልገባውን ወረቀት የፈረመ ሰው ኋላ «ይህን አላልሁም» ቢል አይፈረድበትም።

አሠሪውንም አለመስማት ፍርድን ማጣመም ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሠራተኛው በሰንበትና በበዓል ጭምር ቈጥሮ «ሙከራዬን ጨርሻለሁ» ቢል፥ ባለሙያው ቀን መቍጠሪያውን ዘርግቶ ስሕተቱን ሊያሳየው ይገባል። የሠራተኛውን ደመወዝ በጊዜው ስለ መስጠት ከኦሪት ጀምሮ የተነገረውን ካህናት አባቶቻችን ለእኛ ከሚነግሩን በላይ ያውቁታል፤ ነገር ግን ድኻውን ስለ ድኽነቱ ብሎ በፍርድ ማድላት በዚያው በኦሪት የተከለከለ መሆኑ አይዘነጋም።

ሁሉን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ባለሙያው ደመወዙን የሚቀበለው ባለፋብሪካን ከሚጋብዘው ከዚያው መስተዳድር ነው። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. በተመረቀ ጊዜ አካባቢው ሁሉ የሥራ ተስፋ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሆነውን ገበያ በኢትዮጵያ ላይ ስትዘጋ፥ ልብስ ሰፍተው ወደዚያ የሚልኩ ፋብሪካዎች በብርቱ ተጎዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ «ፋብሪካው ተቀይሞ እንዳይሄድብን፥ ነገሩን አለዝበው» የሚል ቃል ከበላይ ቢመጣ፥ ቃሉ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሆኖም ቅነሳ ከሠራተኞች ወኪሎች ጋራ በመመካከር፥ በሕጉም ተራ እንዲደረግ ታዟል፤ እርጉዝ ሴቶችም ከመጨረሻዎቹ ተርታ ናቸው። ይህን ተራ አንዲት ቀን ያለዘበ ባለሙያ፥ በማግሥቱ ሠራተኞቹ አድማ ሊያደርጉ ሲነሡ ታገሡ ቢላቸው ማን ይሰማዋል?

ስለዚህ ሹማምንት ለዚህ ሰው ሊያደርጉለት የሚገባው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቍጥር ያለው መዝገብ፥ ሁለቱ ወገኖች ሳይፈሩ የሚነጋገሩበት አንድ ክፍል፥ ወደ ፋብሪካውም የሚሄድበት የመንግሥት መጓጓዣ ነው። መጓጓዣ አጥቶ አሠሪው በላከለት መኪና የሄደ እንደ ሆነ፥ ሠራተኞቹ ከበሩ ላይ ሲወርድ ያዩታልና፥ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የአሠሪው ቃል ይመስላቸዋል።