ከካርቶን የተሠራው ኮምፒውተር

ገና ያልተሠራን፣ ምናልባትም መቼም የማይሠራን ዕቃ ቅርጽና አገልግሎት አስቀድሞ ማሳየት ኮንሴፕት ዲዛይን ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚቀርበው በኮምፒውተር በተቀናበረ ቪዲዮ ነው፤ ስልኩ ይጠቀለላል፣ ስክሪኑ ግድግዳ ላይ ይዘረጋል፣ ተመልካቹም «መቼ ነው የሚሸጠው?» ይላል። እኔ በዚህ ዘርፍ ከሠሩት ሁሉ የማደንቀው ግን ካርቶን ይዞ የተነሣውን ሰው ነው።

ዘመኑ 1968 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አለን ኬይ በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ማሽን ነው። ኬይ በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮችን አየ። አንደኛው በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የጠፍጣፋ ስክሪን ናሙና ሲሆን፣ ወርዱም ቁመቱም ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። ሁለተኛው ደግሞ ሲይሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ ሎጎ በተባለው ቋንቋ ሕፃናትን ፕሮግራም ሲያስጽፉ ነው። ሁለቱን ሲያገናኛቸው ልጅ በብብቱ ይዞት የሚሄድ ኮምፒውተር ታየው።

ሊሠራው ግን አይችልም፤ የሚሆነው ስክሪንም ሆነ ሌላው ክፍል በዓለም ላይ አልነበረም። ስለዚህ የደብተር ቅርጽ ያለው ሞዴል በካርቶን ሠራና ውስጡ የእርሳስ ብረት እንክብሎች ጨመረበት። ማወቅ የፈለገው ምን ያህል ቢቀል ሰው ሳይሰለች ይዞት እንደሚዞር ነበር። ከሁለት ፓውንድ ማለትም ከ900 ግራም ገደማ በታች መሆን እንዳለበት ደረሰበት። ይህን ቁጥር የነገረው የመሐንዲስ ስሌት ሳይሆን የገዛ ክንዱ ነው።

በ1972፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሳለ፣ ዳይናቡክ ያለውን ይህን መሣሪያ በጽሑፍ አቀረበው። ዋጋው 500 ዶላር ገደማ እንዲሆን ተመኘ። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ልጆች ሣር ላይ ተጋድመው በየዳይናቡካቸው የጠፈር ውጊያ ይጫወታሉ። የሐሳቡ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ልጆቹ በጨዋታው ብቻ አይረኩም፣ ፕሮግራሙን ራሳቸው ሊለውጡት ይነሣሉ። በቀጣዩ ዓመት ማዕከሉ የሠራውን አልቶ የተባለ ኮምፒውተር እነኬይ «ጊዜያዊ ዳይናቡክ» ይሉት ነበር። ጊዜያዊ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ግዙፍ ሣጥን ነበረውና።

በ1990ዎቹ ጄፍ ሃውኪንስ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ሲያስብ መንገዱ ተመሳሳይ ነበር። በሸሚዝ ኪስ የሚገባ እንጨት ቆርጦ ይዞ ይዞር ነበር። ስብሰባ ላይ ቀጠሮ ሲነሣ እንጨቱን አውጥቶ በቀጭን ዘንግ የሚጽፍበት ይመስላል። ያየው ሰው ምን እንዳለ መገመት አያቅትም! ሆኖም መሣሪያው በ1996 ገበያ ሲወጣ በእርግጥ ኪስ ይገባ ነበር።

በአንጻሩ ኖኪያ በ2008 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቀረበውን ሞርፍ እንይ። ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የታየው ይህ ኮንሴፕት፣ እየታጠፈ የእጅ አምባር የሚሆን፣ ቆሻሻ የማይዘው፣ ከፀሐይ ኃይል የሚሞላ ስልክ ነበር። ውብ ቪዲዮ ነው። ነገር ግን ቪዲዮ አይከብድም፣ ኪስ አይቀድም፣ ከእጅ አያመልጥም፤ የሠራውን ሰው የሚያርመው ነገር የለም። ኖኪያ የስልክ ሥራውን በ2014 ለማይክሮሶፍት ሲያስረክብ ሞርፍ ሱቅ አልደረሰም ነበር።

የኬይ ካርቶንስ? የመጀመሪያው አይፓድ በ2010 ሲወጣ ክብደቱ 680 ግራም፣ መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ሆነ። የ1972ቱ 500 ዶላር የመግዛት አቅሙ እጅግ የላቀ ስለነበር፣ አይፓዱ ከተመኘው በታች ነው የተሸጠው ማለት ይቻላል። አካሉ እንግዲህ ተገኘ። ኬይ ግን ዳይናቡክ ይህ ነው ብሎ አልተቀበለም። ምክንያት አላጣም፤ በዚያው ዓመት ልጆች በስክራች ቋንቋ የሠሯቸውን ጨዋታዎች አይፎንና አይፓድ ላይ የሚያሳየው መተግበሪያ ከአፕል መደብር እንዲወጣ ተደረገ። ስክራች ደግሞ ያኔ የተገነባው የኬይ ቡድን ለዳይናቡክ ብሎ ከፈጠረው ከስሞልቶክ በተወለደ ቋንቋ ነበር።